በትንሿ ሞተር ለሽምግልና

ወልድያ ውስጥ ሞተሬን የማያውቅ ሰው ካገኛችሁ ትናንት በአውቶቡስ የገባ እንግዳ ነው ማለት ነው። እሱም ቢሆን መናኸሪያው በር ላይ ትንሽ ቆም ካለ ማየቱ አይቀርም። ቀይ ናት፤ ጃፓን የተሠራች ናት፤ ቁመቷ ከጉልበቴ ብዙም አያልፍም። ጎማዎቿ የአሸዋ ጋሪ ጎማ ያክላሉ። መቀመጫዋ ግን እንደ ድፎ ዳቦ ወፍራምና ለስላሳ ነው። መሪዋ የሚያብረቀርቅ ኒኬል ሆኖ እንደ ወይፈን ቀንድ ወደ ላይ ቆሟል። ከአላማጣ እስከ ደሴ አቻ የላትም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም ብላችሁ ስለማታምኑኝ፣ ለጉራ ነው ብዬ ልቀጥል።

እንዴት እጄ እንደገባች ላውራችሁ። እኔ ዋናው መንገድ ዳር ሱቅ ያለኝ መስታወት ቆራጭ ነኝ። የባለቤቴ የዘሀራ ወንድም ደግሞ የጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ሞተር እንደምፈልግ ያውቅ ነበርና አንድ ቀን በስልኬ ፎቶ ላከልኝ። ነጭ ግድግዳ ፊት ብቻዋን የቆመች ቀይ ሞተር። አጠገቧ ሰው የለ፣ ወንበር የለ፣ የምትለካበት ድመት እንኳን የለ። ፎቶው ላይ ሙሉ ሞተር ነበረች። እኔም በፍቅር ወደቅኩና ግዛልኝ አልኩት።

ቀረጧም ወረቀቷም አልቆ የምትገባ ቀን ሰፈሩን ሁሉ ጠርቻለሁ። ለማውረጃ ረጅም ሳንቃ ተውሼ፣ ጉልበት ያላቸው ጎረምሶች አዘጋጅቼ፣ ገመድ ይዤ ቆሜያለሁ። የጭነት መኪናው መጣ። አማቼ ወረደ፣ ከኋላ ወጣ፣ ሸራውን ገለጠ፣ ሞተሯን እንደ ጠቦት በብብቱ አቅፎ ወርዶ እግሬ ስር አቆማት። ሳንቃውን የያዙት ልጆች ሳንቃውን እንደያዙ ቀሩ። በመጨረሻ ዘሀራ ቀስ ብላ፣ "የቀረው በሌላ መኪና ነው የሚመጣው?" ብላ ወንድሟን ጠየቀችው።

እዚያው ቆሜ ትንሿን የመረጥኩት ሆን ብዬ እንደሆነ፣ ትልልቆቹን ማንም እንደሚነዳቸው፣ የሚገባው ሰው ግን እንዲህ ያለችዋን እንደሚመርጥ ለሰፈሩ አስረዳሁ። ያን ዕለት የተናገርኩት ከእፍረት የመጣ ነበር። በእግሬ ረግጬ ሳስነሳት ግን ድምጿ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ጥርት ብሎ ሲወጣ፣ የተናገርኩት ሁሉ እውነት ሆኖ አገኘሁት።

ችግሩ እኔ ረጅም ነኝ። ወልድያ ውስጥ ጎንበስ ሳልል የምገባበት በር ጥቂት ነው። እሷ ላይ ስቀመጥ ጉልበቶቼ ወደ ጆሮዬ ይወጣሉ፤ ከሩቅ ያየኝ ሰው ሞተር ላይ የወጣ ፌንጣ ያየ ይመስለዋል። የባጃጅ ሾፌሮች መብራት እንደጠበቀ ሰው መንገድ ላይ ቆመው እናቷ የት እንደሄደች ይጠይቁኛል። አንዱማ ጡት ጥላ እንደሆነ ጠይቆኛል። እኔ ግን ስቄ አልፋለሁ። ሱቄ ፊት ለፊት ስደርስ ነዳጅ ቀነስ አድርጌ፣ ለሽያጭ ያቆምኳቸው መስታወቶች ውስጥ እኔንና እሷን እያየሁ አልፋለሁ። አንዳንድ ቀን ዞሬ ተመልሼ ደግሜ አልፋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የእህቴ ልጅ ሰኢድ መርሳ ላይ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሸጣል። ዝምተኛ፣ ሰው ቀና ብሎ የማያይ ልጅ ነው። እንዴት ቀና እንዳለ አላውቅም፣ ከመርሳ ወጣ ብላ ግራና የምትሠራ ራህመት የምትባል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወደደ። እሷም አልጠላችውም። የቀሩት አባቷ ነበሩ። አቶ ይማም አጭር፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ማሽላቸውም ቃላቸውም የማይነቃነቅ ገበሬ ናቸው። ሲስቁ ያያቸው ሰው ግራና ውስጥ የለም ይባላል። መጀመሪያ የሄዱትን ሽማግሌዎች ቡና እንኳን ሳያስጠጡ መለሷቸው። ልጁን እንዳልጠሉት፣ ዘመዶቹ ግን ጨዋታ እንደሚያበዙ፣ ልጃቸውን ለቁም ነገረኛ ቤተሰብ ብቻ እንደሚሰጡ ነገሯቸው። የትኛውን ዘመድ እንዳሰቡ አልተናገሩም። ዘሀራ ግን ወሬው እንደደረሳት ዞር ብላ አየችኝ።

ብዙ ተለምነው ለመጨረሻ ጊዜ ሊሰሙን እሺ አሉ። ሐሙስ፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ። እኔም በአጎትነቴ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሆንኩ። ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች ቀደም ብለው በባጃጅ ሊሄዱ ተስማሙ። ዋናው ተናጋሪያችን ሼህ እንድሪስ ግን መርሳ ላይ የሚያስታርቋቸው ባልና ሚስት ስለነበሩ ዘግይተው ነው የሚወጡት። እኔ አለሁ አልኩ። "አንቱ ምንም አያስቡ፤ በሞተር አደርስዎታለሁ።" ሼሁ ሞተር እንዳለኝ በዝና ሰምተዋል እንጂ አይተዋት አያውቁም። መረቁኝ።

ሰኢድ ይህን ሲሰማ ደወለልኝና በዝቅተኛ ድምፅ በባጃጅ እንድመጣ ለመነኝ። ዘሀራም የአማች ደጃፍ እንደሆነ አስታወሰችኝ። እኔ ግን እንዲህ ያለ ቀን ለሞተሬ ካልሆነ ለመቼ ነው ብዬ፣ በዋዜማው ኒኬሏን በመስታወት መወልወያዬ ስወለውል ዋልኩ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሙሉ ልብሴን ለብሼ ከወልድያ ወጣሁ። እስከ ሲሪንቃ ድረስ መንገዱ የእኔ ነበር። ተሳቢ መኪና ሲያልፈኝ ነፋሱ ወደ ዳር ይገፋኛል፣ እንደገና ወደ አስፋልቱ እመለሳለሁ። ሚኒባስ ውስጥ ያለው ተሳፋሪ ሁሉ በአንድ በኩል ተሰብስቦ በመስኮት ስልኩን ይደግንብኛል። እኔም ፎቶው እንዳይበላሽ ወገቤን ቀና አደርጋለሁ። መንገድ ዳር ማንጎ የሚሸጡት ሴቶች ገዢ ትተው ቆመው ሸኙኝ።

ሼህ እንድሪስ መርሳ መግቢያ ላይ ነጭ ጥምጣማቸውን ጠምጥመው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ትልቅ ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል። ሰፊ ሰው ናቸው። ፊታቸው ቆሜ ሰላምታ ሰጠሁ። መለሱልኝና በትከሻዬ ላይ አሻግረው መንገዱን ማየት ቀጠሉ።

"ሞተሩስ?" አሉኝ።

"ይቺው ናት።"

ዝቅ ብለው አዩዋት። "ላ ሃውለ ወላ ቁወተ ኢላ ቢላህ" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ቢስሚላህ ብለው ተቀመጡ። እሳቸው ሲቀመጡ እኔ ወደ ነዳጅ ቋቱ ተንሸራተትኩ። ጃንጥላው በብብቴ ስር ወደ ፊት ወጣ። የመርሳን ገበያ ስናቋርጥ በእስፖኪዮ አየኋቸው፤ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ድረስ ስበውታል።

ከተማው መውጫ ላይ አንድ ትራፊክ ፖሊስ እጁን ዘረጋ። መንጃ ፈቃዴን አየ፣ ሊብሬዬን አየ፣ ሁሉም ትክክል ነው። ቢሆንም ሊለቀን አልቻለም። ታርጋዋ ከኋላዋ ይበልጣል። የኋላ መብራቷ በታርጋው ሥር እንደ ሙሽራ ተሸፍኗል። ሕጉ መብራት ይታይ ይላል፤ ሕጉ ታርጋ ይለጠፍ ይላል፤ ሁለቱም የሚገቡበት ቦታ ግን ጃፓኖቹ አልተዉም። ሰውየው ቁጭ ብሎ አሰበ። ታርጋውን ወደ ጎን ማዞር እንደሚቻል እሱ አመጣው፣ ብሎኑን አብረን ፈታን፣ አብረን አሰርን። ጨዋ ሰው ነበር። ጊዜያችንን የጨረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ባልደረባውን ጠርቶ አንድ ፎቶ፣ ባልደረባው ደግሞ ብቻውን አንድ ፎቶ፣ ከዚያ ሦስታችንም ከሼሁ ጋር አንድ ፎቶ። ሼህ እንድሪስ በፎቶው ላይ ወደ ሰማይ እያዩ ነው የሚታዩት።

የግራናን ኮረኮንች ስንጀምር የዙሁር አዛን ከኋላችን ተሰማ። ከመንገድ ወረድ ብለን ሰገድን፣ ተነሥተን ቀጠልን። ሜዳው ላይ ደህና ሄድን። ዳገት ሲመጣ ግን ሞተሯ የልብስ ስፌት ድምፅዋን ትታ እንደ ሳል ያለ ነገር ጀመራት። ሼሁ ምንም ሳልላቸው ወርደው ጃንጥላቸውን ዘርግተው መራመድ ጀመሩ። እኔ ብቻዬን ሆኜ ተከተልኳቸው። አልደረስኩባቸውም። ዳገቱ አናት ላይ ከግራር ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ ላባቸውን ጠርገው ጠበቁኝ። በሚቀጥለው ዳገትም እንዲሁ። ቁልቁለቱን አብረን፣ ዳገቱን በየፊናችን ተጓዝን።

ወንዙ ጋ ስንደርስ ውኃው ጉልበት ድረስ ነው። ለሌላ ሞተር ይህ ችግር ነበር። እኔ ግን ሱሪዬን ሰበሰብኩ፣ ሞተሬን ትከሻዬ ላይ አነሣሁ፣ ገባሁ። ከወዲያ ማዶ ከብት የሚያጠጣ አንድ ገበሬ ቀና ብሎ አየኝ። በሞተር የተሻገረ ሰው ብዙ አይቷል፤ ሰው ላይ ተቀምጣ የተሻገረች ሞተር ግን ገና ማየቱ እንደሆነ ለሼሁ ነገራቸው። ሼህ እንድሪስ የዚያን ጊዜ ሳል መሰለኝ እንጂ ሳቃቸውን ውጠዋል።

አቶ ይማም ደጅ ስንደርስ ዙሁር ካለፈ ቆይቷል። ሁለቱ ሽማግሌዎች አጥሩ ሥር አግዳሚ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። አቶ ይማም ዱላቸውን ይዘው ወደ እርሻቸው ሊወጡ በር ላይ ቆመዋል። ጎረቤት ተሰብስቧል። እኔ እስከ ጉልበቴ እርጥብ ነኝ፣ ሼሁ እስከ ቅንድባቸው አቧራ ናቸው። ሞተሯ ብቻ ናት ንጹሕ፤ ወንዙን እንደተሻገርን አጥቤያታለሁ።

ሰላምታችንን ተቀበሉ። ከዚያ ሞተሯን አንድ ጊዜ ዞሯት። በዱላቸው ጫፍ ጎማዋን ነካ አደረጉ።

"እንግዲህ የቤተሰቡ ቁም ነገር ይሄ ነው" አሉ።

መሬት ብትሰነጠቅ ከነሞተሬ እገባ ነበር። የሰኢድ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነው፤ በባጃጅ ና ያለኝ። ለልጁ ላማልድ መጥቼ የልጁን ነገር አበላሸሁት ብዬ ስደነግጥ፣ ሼህ እንድሪስ ጥምጣማቸውን አስተካከሉና ተናገሩ።

"ይማም፣ እኔ የሸመገልኩ ሰው ነኝ። በእግሬ መምጣት አልችልም። ይህ ሰው በዚህች ሞተር ጭኖ ባያመጣኝ ዛሬ ደጅህ አልቆምም ነበር።"

መንገዱን ግማሹን በእግራቸው፣ ያውም ከእኔ ቀድመው እንደመጡ የምናውቀው እኔና እሳቸው ብቻ ነን። ወደ እኔ አላዩም። እኔም መሬት አየሁ።

ከዚህ በኋላ መመለስ ነውር ስለሆነ አቶ ይማም አስገቡን። ሼሁ በሚገባ ተናገሩ፤ የሰኢድን ጨዋነት፣ ሠርቶ አዳሪነቱን፣ የእህቴን ደግነት አንድ በአንድ አወሩ። አቶ ይማም ግድግዳውን እያዩ ሰሙ። ሲጨርሱ እናስብበታለን አሉ። በእኛ አገር ሽማግሌ ይህን ቃል ሲሰማ ጫማውን ይፈልጋል። ተነሣን።

እንደወጣን አቶ ይማም ሞተሯ ጋ ሲደርሱ እርምጃቸውን ገታ አደረጉ። ሁለት ሰው በእርግጥ ትችል እንደሆነ ጠየቁኝ። ትችላለች አልኩ። መቀመጫዋን በእጃቸው ተጫኑት። "ለመለካት ያህል" አሉና ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተቀመጡ።

እኔ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። ልክክ አሉ። እግራቸው መሬት ላይ ሙሉ በሙሉ ረገጠ፣ ጉልበታቸው ቦታው ላይ ዋለ፣ እጃቸው መሪው ላይ ሳይንጠራራ አረፈ። በእኔ ሥር ሆና ሰው የሚስቅባት ሞተር፣ በእሳቸው ሥር እንደ ኮርቻ በቅሎ ኮራ ብላ ቆመች። ጃፓኖቹ ለማን እንደሠሯት ያን ጊዜ ገባኝ።

"ድምፅዋን ልስማ" አሉኝ። አስነሣሁላቸው። ማርሽ ውስጥ እንደነበረች ረስቻለሁ። እጀታውን ጠምዘዝ ሲያደርጉት ሄዱ።

ደጃቸው ፊት ለፊት ሰፊ አውድማ አለ፣ ዳር ዳሩን የጭድ ክምር። አቶ ይማም ጋቢያቸው ከኋላቸው እንደ ባንዲራ እየተውለበለበ አውድማውን መዞር ጀመሩ። ቀኝ እጅዎን ይልቀቁ እያልኩ እሮጣለሁ። የደነገጠ ሰው ደግሞ ይጨብጣል እንጂ አይለቅም፤ በጨበጡ ቁጥር ትፈጥናለች። ልዘልና ልይዛቸው ስል ሼህ እንድሪስ ክንዴን ያዙኝ።

"ትንሽ ይዙሩ" አሉኝ በጆሮዬ።

አቶ ይማም በፊታችን ሲያልፉ ሼሁ ድምፃቸውን ሳይቸኩሉ ከፍ አድርገው፣ "ይማም፣ ነገሩን አሰብክበት?" አሉ። እሳቸው ጥርሳቸውን ገጥመው አለፉ። ዞረው መጡ።

"አቁሙልኝ!"

"እናቆማለን። የልጅቷስ ነገር?"

ሄዱ። ዶሮዎቹ አጥር ላይ ወጡ። ዞረው መጡ።

"ሰጥቻለሁ! አቁሙልኝ!"

ሼሁ ክንዴን ለቀቁኝ። እኔ ግን አልደረስኩም፤ አቶ ይማም ከነሞተሯ የጭዱ ክምር ውስጥ ገቡ። ሞተሯ አንድ ጊዜ አስነጠሰችና ጠፋች። ከጭዱ ውጪ የሚታየው አንድ ጫማ ብቻ ነው።

ሮጠን ስናወጣቸው ራህመት ከቀበሌ ጉብኝቷ የሕክምና ቦርሳዋን አንግታ እየገባች ነበር። ደጁን የሞላውን ሽማግሌ አየች፣ አባቷን ከጭድ ውስጥ ስንስብ አየች። ክርናቸውን ዘረጋች፣ አጠፈች፣ የተላጠውን ቦታ አጥባ በፋሻ አሰረችላቸው። ሁላችንም ፊታቸውን እናያለን። ቃሉ የወጣው በጭንቅ እንደሆነ ማን ያጣዋል? ሊክዱት ይችላሉ፤ ቢክዱትም ማንም አይፈርድባቸውም።

አቶ ይማም ኮፍያቸውን ጠየቁ። ጭዱን አራገፉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ፍሬኑ የትኛው እንደሆነ ጠየቁኝ። አሳየኋቸው። ጠፍታ ቆማ እያለች ደጋግመው ያዝ ለቀቅ አደረጉት። ከዚያ ሳንጠይቃቸው ራሳቸው አስነሥተዋት ወጡ፤ ቀስ ብለው፣ ወገባቸው ቀጥ ብሎ አውድማውን አንድ ጊዜ ዞረው፣ ፊታችን መጥተው በፍሬን ቆሙ። ጎረቤቱ ማሻአላህ አለ።

ወርደው አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ሼሁን አዩአቸው።

"እየሮጥኩ ያልኩትን ቁጭ ብዬም እለዋለሁ። ልጅቷ እሺ ካለች ሰጥቻለሁ።"

ልጅቷ ፋሻዋን እየጠቀለለች መሬት አየች፤ እሺታዋ ከዚያ በላይ እንዲጮኽ የሚጠብቅ አልነበረም። ሼህ እንድሪስ እጃቸውን ዘረጉ፣ ዱዓ ተደረገ፣ አሚን አልን። ከአሚኑ በኋላ ነው አቶ ይማም ክርናቸውን ይዘው፣ መጀመሪያ በአፍንጫቸው፣ በኋላ በሙሉ ሆዳቸው መሳቅ የጀመሩት። የግራና ሰው ቆሞ አየ።

ልንሸኝ ስንል ራህመት ሞተሯ ጋ መጣች። በየቀበሌው የሚያዞራትን መንገድ ሁሉ በእግሯ ነው የምትጨርሰው፤ እስከ ማታ ድረስ ቤት ለቤት ክትባትና ነፍሰ ጡር ትከታተላለች። መቀመጫዋን ነካ አድርጋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

"ጋሼ፣ ሴት ትነዳታለች?"

እኔ አፌን ሳልከፍት አባቷ ከኋላ መለሱላት።

"እኔ ከነዳኋት አንቺን ምን ያቅትሻል?"

ከሠርጉ በኋላ በየሳምንቱ እሑድ መርሳ ኳስ ሜዳ ላይ አስተማርኳት። ቁመቷ የአባቷ ነው፤ ለእሷም ልክክ አለች። እንደ አባቷም ክምር ውስጥ አልገባችም። መንጃ ፈቃዷን ካወጣች ጀምሮ ሞተሬ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሀብሩ ወረዳ፣ ራህመት እጅ ነች። ስልክ ሲመጣልኝ፣ አንዱ በግራና መንገድ አየኋት ይለኛል፤ ሌላው ከምጥ በፊት ደርሳ ሚስቱን ወደ ጤና ጣቢያ እንዳስላከችለት ይነግረኛል። እኔ ወልድያ ላይ ረጅም እግሬን ይዤ በእግሬ እሄዳለሁ። የባጃጅ ሾፌሮቹ አሁንም አይተዉኝም፤ ቀነስ አድርገው አጠገቤ ይሄዱና ሞተሯ የት እንደጠፋች ይጠይቁኛል።

እኔም ቆም ብዬ፣ ኮቴን አስተካክዬ እመልሳለሁ።

"ሥራ ላይ ናት።"